ቲቮይዜሽን ምንድን ነው?

ቲቮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀድቶ የሚያስቀምጥ ሳጥን ለገበያ አቀረበ። ሳጥኑ የሚሠራው ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። ሊኑክስ ደግሞ ጂፒኤል ቁጥር 2 በተባለ ፈቃድ ነው የሚሰራጨው። ፈቃዱ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሶፍትዌሩን ውሰዱ፣ ቀይሩ፣ ሽጡም፤ ለገዢው ግን ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ስጡት፣ እሱም እንደፈለገው ይቀይረው።

ቲቮ ኮዱን ሰጥቷል። ችግሩ ወዲህ ነው። ሳጥኑ ሲበራ የሶፍትዌሩን ዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም ከኩባንያው ሳይነካ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምልክት፣ ይመረምራል። አንዲት መስመር ቀይራችሁ መልሳችሁ ብትጭኑ ፊርማው አይገጥምም፤ ሳጥኑም እምቢ ይላል። መፈረሚያው ቁልፍ ያለው ኩባንያው ጋ ብቻ ነው። ኮዱን ታነባላችሁ፣ ትማሩበታላችሁ፣ ሌላ ማሽን ላይ ትሞክሩታላችሁ፤ በገዛ ገንዘባችሁ የገዛችሁት ዕቃ ላይ ግን አይሠራም። ይህን አሠራር ቲቮይዜሽን ያለው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ነው።

ስም በማውጣት ብቻ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ጂፒኤል ቁጥር 3 ላይ አዲስ ግዴታ ገባ። ሶፍትዌሩን ለሸማች በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ የሚያስገባ አምራች፣ የተቀየረውን ለመጫን የሚያስፈልገውን መረጃ፣ ቁልፍም ቢሆን፣ አብሮ ይስጥ ይላል። አምራቹ ራሱም ሊቀይረው የማይችል ከሆነ ግን ግዴታ የለበትም። ይህ ልዩ ሁኔታ የጠቡን መነሻ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ ሻጩ እየቀየረ ባለቤቱ ለምን ይከለከላል?

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ አልተስማማም። እኔ የምፈልገው የተሻሻለው ኮድ እንዲመለስልኝ ነው፤ ሃርድዌሩ ላይ ምን እንደሚጫን የሠራው ይወስን፣ ባይ ነው። ክብደት ያለው ክርክር ነው። ግን የፕሮግራመሩን ጥቅም ብቻ ነው የሚያየው። ኮዱ ከተመለሰለት ለሱ ሒሳቡ ተዘጋ። ዕቃውን ገዝቶ ቤቱ ያስገባው ሰውስ? በዚህ ጉዳይ እኔ ከስቶልማን ጋር ነኝ።

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ዛሬም በጂፒኤል ቁጥር 2 እንደተፈቀደ ነው። አንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩት ደግሞ በዚሁ ከርነል ነው። ስለዚህ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተቆለፈና አምራቹም የማይከፍተው ስልክ ከያዛችሁ፣ ቲቮይዜሽን ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ጉዳቱ የሚሰማው አፕዴት መምጣት ሲያቆም ነው። ስልኩ ጤነኛ ነው። እንደ ሊኒጅኦኤስ ያለ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ሲስተም ለሞዴሉ ሊሠራለት ይችል ነበር። ስልኩ ግን የሌላ ሰው ፊርማ አይቀበልም። ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ለዓመታት ለሚይዝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት በሞዴሉ ስም ቡትሎደሩ ይከፈት እንደሆነ ፈልጉ። በተለይ አንዳንድ የአሜሪካ ኦፕሬተሮች የሚሸጧቸው ስልኮች አይከፈቱም። ስልክ ቤት ወስዶ ዲኮድ ማስደረግም ለዚህ አይጠቅምም፤ የሌላ ኔትወርክ ሲም እንዲቀበል ያደርገዋል እንጂ ቡትሎደሩን አይነካውም።