ሻህ አብዱል ላጢፍ ቢታኢ፦ በሴቶች አንደበት የገጠመው የሲንድ ባለቅኔ

ፓኪስታን ደቡብ፣ ሲንድ ውስጥ ዝም ብላችሁ «ሻህ» ካላችሁ ሰዉ ማንን እንደሆነ ይገባዋል፣ ሻህ አብዱል ላጢፍ ቢታኢን ነው። በፈረንጆቹ 1689 ሃላ ከምትባል ከተማ አጠገብ ተወልዶ 1752 ላይ አረፈ። ግጥም ለቤተሰቡ እንግዳ አልነበረም፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ አብዱል ከሪምም በሲንዲ ቋንቋ የሚገጥም ሱፊ፣ ማለትም የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ ተከታይ ነበር። ላጢፍ በወጣትነቱ እሱ ሙስሊም ሆኖ ጆጊ ከሚባሉት የሂንዱ መናንያን ጋር አገር ላገር ዞሯል፣ ከዛ አንድ የአሸዋ ጉብታ ላይ ከተከታዮቹ ጋር ሰፈረ። ጉብታ በሲንዲ «ቢት» ነው፣ ቢታኢ የሚለው ስሙም ከዛ የመጣ ነው፣ አሁን ቦታው ቢት ሻህ የምትባል ከተማ ሆኗል።

ግጥሞቹ የተሰበሰቡበት መጽሐፍ «ሻህ ጆ ሪሳሎ» ይባላል። ወደ 30 የሚጠጉ ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ ክፍል «ሱር» ነው የሚባለው፣ ዜማ እንደማለት፣ ምክንያቱም ግጥሙ ከመጀመሪያውም የተገጠመው ሊዘፈን እንጂ ቁጭ ተብሎ ሊነበብ አይደለም። በማተሚያ ቤት የታተመው እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ሲንድ ሳይሆን ጀርመን አገር ላይፕዚግ፣ 1866 ላይ። እስከዛ ድረስ በእጅ ጽሑፍና በዘማሪዎቹ ጉሮሮ ነው የኖረው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። ንጉሥና ጀግና ከማወደስ ይልቅ እሱ የሕዝቡን ተረት አንስቶ በሴቶቹ አፍ ተናገረ። ማሩዊን ብቻ ብናይ፣ የታር በረሃ ድሃ እረኞች ልጅ ናት፣ ኡመር የሚባል ገዢ ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ ጠልፎ ኡመርኮት ምሽጉ ውስጥ አስገባት፣ ሐር ላልብስሽ ወርቅ ላድርግልሽ ቢላት እምቢ አለች፣ የተጣጣፈ የሱፍ ልብሷን አላወልቅም፣ ብሞት እንኳን ሬሳዬን አገሬ ማሊር ውሰዱልኝ ነው ያለችው፣ መጨረሻ ላይ እሱ ተሸንፎ ለቀቃት። ሳሱዊ ደግሞ የተወሰደባትን ባሏን ፍለጋ በባዶ እግሯ ተራራ ለተራራ ትሄዳለች፣ ሶህኒ በደንብ ባልተተኮሰ እንስራ ወንዝ ልትሻገር ስትል እንስራው ሟሙቶባት ትሰጥማለች። በኛ አነጋገር ሰምና ወርቅ ነው፣ ሰሙ የፍቅር ታሪክ፣ ወርቁ አምላኳን የምትፈልግ ነፍስ።

ሱር ሳራንግ ሌላ ነው፣ ስለ ዝናብ። ታር ውስጥ ዝናብ ካልመጣ ከብትም ሰውም የለም፣ ስለዚህ ደመናውን ሲያይ ደስታው ልክ የለውም። እዛው ጌታ ሆይ ሲንድን በጥጋብ ሙላት ብሎ ይለምንና ወዲያው ዓለምንም ሁሉ አለምልም ይላል፣ ይሄን ልመና ዛሬም ሲንዶች በቃላቸው ይሉታል።

መቃብሩ ቢት ሻህ ነው፣ የሲንድ ገዢ የነበረው ጉላም ሻህ ካልሆሮ ነው ሕንጻውን ያሠራው። በየዓመቱ ሰፈር በሚባለው የእስልምና ወር በ14ኛው ቀን የሙት ዓመቱ ይከበራል፣ ሰዉ ከየቦታው ይጎርፋል። ግን በዓል መጠበቅም አያስፈልግም፣ ማታ ማታ ጥቁር የለበሱ ፈቂሮች፣ የሱፊ መናንያን ማለት ነው፣ መቃብሩ ፊት ተቀምጠው ዳምቡሮ የምትባል ባለ አምስት አውታር መሣሪያ እየመቱ ሪሳሎውን ይዘፍናሉ፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ ብዙ ሰው አለ። ድምጻቸውን ቀጭንና በጣም ከፍ አድርገው ነው የሚያወጡት፣ የሚዘፍኑት የማሩዊንና የሳሱዊን ለቅሶ ነዋ።