የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ብልሽት እንዴት ይታወቃል?

የከባድ መኪና አደጋ ሲወራ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። የአየር ፍሬን ግን እንዲህ በቀላሉ አይበጠስም። አየሩ ጨርሶ ካለቀ መኪናው ይቆማል እንጂ አይከንፍም። የኋላ ጎማዎች የፍሬን ቻምበር (አየር የሚገባበት ክብ ጣሳ) ውስጥ ጠንካራ ሞላ አለ። በጉዞ ላይ ሞላውን አፍኖ የሚይዘው አየር ነው። አየር ሲጠፋ ሞላው ይለቀቅና ፍሬን ይይዛል። አየር ሲያመልጥ ፍሬኑ ራሱ ይያዝ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከባቡር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1872 እንዲህ ያለ ፍሬን አስመዝግቧል።

የሚያሰጋው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ብልሽት ነው። ሹፌሩ ሲረግጥ ሞላውን ካፈነው የተለየ አየር ቻምበሩን ይሞላል። ቻምበሩ ዘንግ ይገፋል፣ ዘንጉ ሸራውን የሚገፋውን ካም ያዞራል፣ ሸራው ከጎማው ጋር ከሚዞረው ታምቡር ይጋጠማል። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ የዘንጉ ጉዞ ይረዝማል። በብዛት በሚታወቀው 30 ቁጥር ቻምበር ዘንጉ የሚወጣው ቢበዛ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። 5 ካለፈ ፍሬኑ መስተካከል አለበት።

አሁን ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ጭነት የያዘ ተሳቢ አስቡ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ላይ እያለ ሸራውን ከታምቡሩ በደንብ ያደርስ የነበረው ዘንግ፣ መኪናው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ማድረስ ያቅተዋል። ጌጁ ግን ሙሉ አየር ያሳያል!

የድሮው መፈተሻ ጠመኔና ሜትር ነው። ጎማው ታኮ ይደረግለታል። ረዳቱ ከሥር ገብቶ ዘንጉ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ሹፌሩ ይረግጣል፣ ይለካል። አየር ማፍሰሱን ለማወቅ ሞተር አጥፍቶ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ለአንድ ደቂቃ ጌጁን ማየት ነው። በአሜሪካ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ተሳቢ የሌለው መኪና ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ አየር መጣል የለበትም።

በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ነገሩን በሒሳብ ሞከሩት። የፔዳሉን ቫልቭ አየር እንደሚሾልክበት ጠባብ ቀዳዳ ቆጥረው የቻምበሩን ግፊት በየቅጽበቱ አሰሉ። ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ እየሄደ ሳለ ቻምበሩ ውስጥ ያለው ቦታ ስለሚሰፋ ግፊቱ ዝግ ብሎ ይወጣል። ሸራው ታምቡሩን እንደነካ ግፊቱ ሽቅብ ይተኮሳል። ግፊቱ ሽቅብ የሚታጠፍበት ይህ መታጠፊያ ከዘገየ ዘንጉ ሩቅ ሄዷል ማለት ነው። ማንም ከመኪና ሥር አይገባም፤ ግፊቱን መለካት ይበቃል።

አስቸጋሪው፣ የሚያፈስ አየርም መታጠፊያውን ያዘገያል። መለያው መጨረሻው ላይ ነው። ዘንጉ ብቻ ከረዘመ ግፊቱ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉ ልኩ ይደርሳል። የሚያፈስ ካለ ግን ከልኩ በታች ይቀራል።