ከመስታወቱ ጀርባ፦ ስለ ለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1881 ነው»

በ1881 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ኬንሲንግተን የተከፈተው ሕንጻው ነው። ስብስቡ ከሕንጻው ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ሃንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በ1753 ሲሞት ወደ 71,000 የሚጠጉ የደረቁ ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ማዕድናት፣ መጻሕፍትና ሌሎች ቅርሶች ትቶ ነበር። ፓርላማው ለወራሾቹ 20,000 ፓውንድ ከፍሎ ስብስቡን ተረከበ፤ ብሪቲሽ ሙዚየምም በዚሁ ተወለደ። የተፈጥሮ ናሙናዎቹ ከሐውልትና ከመጻሕፍት ጋር ተጨናንቀው ብዙ ዘመን ኖሩ። የራሳቸው ቤት ያገኙት የብሪቲሽ ሙዚየም የተፈጥሮ ታሪክ ክፍሎች ኃላፊ የነበረው ሪቻርድ ኦወን ለዓመታት ስለተሟገተላቸው ነው። ከብሪቲሽ ሙዚየም በሕግ የተለዩት ደግሞ ገና በ1963 ነው።

«ስብስቡ የጥቂት ሊቃውንት የድካም ፍሬ ነው»

ከስሕተቶቹ ሁሉ ይህኛው ያሳዝነኛል። ስሎን በ1687 ወደ ጃማይካ የሄደው የደሴቲቱ ገዢ ሐኪም ሆኖ ነው። ከዚያ ወደ 800 የሚጠጉ ዕፅዋት ይዞ ሲመለስ፣ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እውቀትና ጉልበት አብሮት ነበር። ኋላም ያገባት ባለጸጋ መበለት ከጃማይካ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ገቢ ነበራት። ስብስቡን ካሳደገው ገንዘብ አንዱ ክፍል እንግዲህ የባሪያዎች ላብ ነው። ከዚያ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። አልፍሬድ ራስል ዋላስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሉት የማሌይ ደሴቶች ከሰበሰባቸው ወፎች ብዙዎቹን ያደነውና ያዘጋጀው አሊ የሚባል የሳራዋክ ወጣት ነበር። ዋላስ ራሱ ይህንን መስክሯል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን የዋላስን ስም ነው።

«ዲፒ እውነተኛ የዳይኖሰር አጥንት ነው»

አይደለም፤ በሙዚየሙ ዋና አዳራሽ ለዓመታት ቆሞ የነበረው ይህ የዳይኖሰር አጽም በ1905 አሜሪካዊው ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ ያበረከተው የጀሶ ቅጂ ነው። ዋናው አጥንት ያለው አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ታማኝ ቅጂ አጥንቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ በሌላ አገር እንዲታይና እንዲጠና ያደርጋል። በ2017 በዋናው አዳራሽ ቦታውን የያዘው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ግን እውነተኛ ነው፤ እንስሳው በ1891 አየርላንድ ጠረፍ ላይ የቀረ ነበር።

«ሙዚየም ማለት ለጎብኚ የሚታየው ነው»

ሙዚየሙ 80 ሚሊዮን ያህል ናሙናዎች አሉት። ጎብኚ የሚያየው ከዚህ ኢምንቱን ነው። ቀሪው በመሳቢያ የተደረደረ ነፍሳት፣ በአልኮል የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ በወረቀት ላይ የተለጠፈ ቅጠል ነው።

«አሮጌ ናሙና ለዛሬ አይጠቅምም»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በብሪታንያ ፔሪግሪን የተባለው ጭልፊት ቁጥሩ ሲመናመን፣ ዴሬክ ራትክሊፍ የተባለ ተመራማሪ በሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ የቆዩ የእንቁላል ቅርፊቶችን መዘነ፤ ለካ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጣሉት እንቁላሎች ቅርፊታቸው ሳስቶ ተገኘ። ምክንያቱ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ነበር፤ ወፎቹ ሲታቀፏቸው እንቁላሎቹ ይሰበሩ ነበር። እንቁላሎቹን የሰበሰቡት ሰዎች ስለ ዲዲቲ የሚያውቁት አልነበራቸውም። ቢሆንም በየእንቁላሉ ላይ ቀንና ቦታ ጽፈው በመተዋቸው ማስረጃው ተረፈ።

የተሳሳተ ናሙና እንኳ መጠበቅ አለበት። በ1912 የሰው ዘር ጥንታዊ ቅድመ አያት ተብሎ የቀረበው የፒልትዳውን የራስ ቅል በ1953 ማጭበርበር መሆኑ ተረጋገጠ፤ የሰው ቅል ከኦራንጉታን መንጋጋ ጋር ተገጣጥሞ ነበር። አጥንቶቹ በሙዚየሙ ባይቀመጡ ኖሮ እንደገና ሊመረመሩ ባልቻሉ ነበር።

«የደረቀ ዕፅ የሞተ ዕፅ ነው»

በ1793 ከቻይና የመጡ የሐር ዛፍ ዘሮች በደረቁ ዕፅዋት ክፍል ተቀምጠው ነበር። በ1940 ሙዚየሙ በጀርመን ቦምብ ተመታ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቃጠሎውን ለማጥፋት የረጩት ውኃም ዘሮቹን አራሳቸው። ከ147 ዓመት በኋላ በቀሉ።