ፔንታቶኒክ ምንድን ነው? (ሮክስ የባቲ ልጅ ነው?)

«የሮክ ጊታር ፔንታቶኒክ ነው። የእኛም ቅኝት ፔንታቶኒክ ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ሮክን የወሰደው ከባቲ ነው።»

ይህን ያለው ሰው ስሙ ይቆየን። ስለ ፊልምም ስለ ሙዚቃም ቪዲዮ የሚሠራ፣ ብዙ ተከታይ ያለው፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ልጅ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። ግን ያችኑ ወሬ ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ሰማኋት። ታክሲ ውስጥም ሰማኋት። አሁን ደግሞ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች ሪፍ (ደጋግማ የምትመጣ አጭር የጊታር ዜማ) ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባቲ ነው» ይሉኛል። ባቲ የወሎ ከተማ ናት፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) የአንዱም ስም ነው። ትዝታና ባቲ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። ወሎዬ ነኝ፤ ባቲ ሲመሰገን አልጠላም። ግን ሙገሳም ልክ አለው።

ፔንታቶኒክ ማለት ከአንድ ድምፅ ተነስታችሁ፣ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪመለስ ድረስ፣ አምስት ኖታ ብቻ የምትጠቀሙበት ስኬል፣ ማለትም የኖታ መሰላል ነው። አለቀ። የሚነግራችሁ ብዛቱን ነው። አምስቱ እነማን እንደሆኑ አይናገርም። በመካከላቸው ስንት ርቀት እንዳለም አይናገርም። ዜማው የት እንደሚያርፍ ጭራሽ አያውቅም። ቻይናም አምስት ኖታ አላት፣ ስኮትላንድም፣ ምዕራብ አፍሪካም። ጃፓኖች ኤንካ በሚሉት ዘፈናቸው የሚወዱት ማይነር ስኬል ደግሞ ከትዝታ ማይነር ጋር ኖታ በኖታ ይገጥማል። ታዲያ ማን ከማን ሰረቀ?

ነገሩን በመንገድ ላስረዳ። ከውጫሌ ባቲ ያለውን መንገድ አስቡት። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ከአንዱ ቅኝት አገር ተነስቶ የሌላው ቅኝት አገር ይገባል ማለት ነው፤ ለዚህ ወሬ ከዚህ የተሻለ መንገድ ከየት ይገኛል? ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ። አምስት ከተማ። ፔንታቶኒክ የሚለው ቃል የሚያውቀው ይህችን ብቻ ነው፦ አምስት ፌርማታ አለ።

ቅኝት ግን ርቀቱንም ይቆጥራል። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዳችሁ ቶሎ ትደርሳላችሁ። ከኮምቦልቻ ባቲ ራቅ ይላል። ኖታም እንዲሁ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል አይደለም። ጊታር ላይ ይህ ርቀት የሚለካው በፍሬት ነው፤ አንገቱን በሚከፋፍሉት የብረት መስመሮች ማለት ነው። ባቲ ማይነር ከማረፊያው ተነስቶ 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2 ፍሬት እየዘለለ ይሄዳል። አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይሄዳል። የሁለቱም ድምር 12 ነው፤ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ የሚመለሰው ከ12 ፍሬት በኋላ ነውና። ሁለቱም አምስት ኖታ ናቸው። ሁለቱም ፔንታቶኒክ ናቸው። ግን አምባሰል ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ጎን ለጎን የተጣበቁ ኖታዎች አሉ። ባቲ ማይነር ውስጥ አንድም የለም። የሮክ ጊታሪስት «ፔንታቶኒክ» ሲል በሐሳቡ ያለው ይሄ ተጣባቂ የሌለው ብቻ ነው። እና «የእኛ ሙዚቃ ፔንታቶኒክ ነው፣ ሮክም ፔንታቶኒክ ነው» ስትል፣ ወንድሜ፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሳታውቀው ከወሎ አስወጣሃቸው።

(መቼም ምሳሌ ነው፤ ባቲን ስታልፉ እንደገና ውጫሌ አትመጣም። በኖታ ግን ትመጣለች፣ ያውም አንድ ፎቅ ከፍ ብላ። ስድስት ክር ያለው ክራር ላይ አምስቱ ክሮች አምስቱን ኖታ ይይዛሉ። ስድስተኛው ያንን ተመልሶ የሚመጣውን ይይዛል።)

አሁን ሹፌሩ ይምጣ። ሁለት ሹፌሮች በዚህ መንገድ ሲመላለሱ ይውላሉ እንበል። አንዱ ቤቱ ደሴ ነው፤ የሌላው ኮምቦልቻ። ከተሞቹ ያው ናቸው፣ ርቀቱም ያው። ግን ለአንዱ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ለሌላው ሚስቱ እራት ሠርታ የምትጠብቅበት ቤት። መንገዱን በሁለት ዓይን ነው የሚያዩት። ዜማም ቤት አለው። ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ኖታ ማለቴ ነው።

ጊታር ያላችሁ ያዙ። ወፍራሙ ክር፣ አምስተኛ ፍሬት። ላ ናት። ከዚያ ተነስታችሁ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ሮክ የሚማር ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ጣቱን የሚያሳርፈው እዚህ ነው። ይህ ባቲ ማይነር ነው። አዎ፣ ኖታ በኖታ ያው ነው፤ ተከራካሪዬ እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም። አሁን ከዚያው ቦታ ሳትወጡ፣ ዜማውን በወፍራሙ ክር ስምንተኛ ፍሬት ላይ አሳርፉት። ዶ ላይ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ይህ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ነው። አንድ ኖታ አልተጨመረም፣ አንድ አልተቀነሰም። ማደሪያው ተለወጠ፣ ቅኝቱም ተለወጠ።

ይህ አልበቃ ካለ ኪቦርድ ላይ ነጮቹን ብቻ ተጫወቱ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ላ ላይ ካረፋችሁ ትዝታ ማይነር ነው። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ከሚ ጀምራችሁ ሚ ላይ ካረፋችሁ አምባሰል ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታወርድ ሰምቶ «ይሄ ትዝታ ነው» የሚል ወሎዬ አሳዩኝ። አታሳዩኝም። እዚሁ ቤታችን ውስጥ የኖታ መመሳሰል አምባሰልን ትዝታ ካላደረገው፣ ባሕር ማዶ ያለውን ሮክ እንዴት ባቲ ያደርገዋል?

ሦስተኛ ነገር አለ። እኔን የሚያበግነኝም ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው፣ ቲዎሪ አይፈልግም። አነዳዱ። ቅኝት የራሱ አካሄድ አለው። የት ይረግጣል፣ የቱን ኖታ ያሽሞነሙናል፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ በየት በኩል ይገባል። የሮክ ጊታሪስት ደግሞ የራሱ አነዳድ አለው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሐረጎ ጥምዝ ላይ፣ ፌርማታ በሌለበት፣ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ሹፌር ነው። ክሩን በጣቱ ገፍቶ በሁለት ኖታ መካከል ያለውን ድምፅ ያስጮኸዋል። እዚያም ይቆያል። ሙያው እሱ ነው።

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡትን «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» እንውሰድ። ጊታር ገዝቶ የመጣ ልጅ ሁሉ ሱቁ በር ላይ የሚሞክራት ሪፍ ናት፤ ተማሪዎቼም «ባቲ ነው» ብለው ያመጡልኝ እሷኑ ነው። ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ዶ። ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ሬ ፍላት፣ ዶ። (ፍላት ማለት ያችው ኖታ አንድ ፍሬት ዝቅ ስትል ነው።) ሁለተኛዋን ሐረግ ቀስ ብላችሁ ስሟት። ከሶል የሚነሳ ባቲ ማይነር ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ፋ ነው። ሬ ፍላት የት አለች? የለችም። ሪፏን ሪፍ ያደረጋት ግን እሷው ናት፤ እሷን አውጥታችሁ ብትጫወቱ ማንም ዞሮ አያያችሁም። ይህች ኖታ የመጣችው ከብሉዝ ነው። ብሉዝ ደግሞ የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ሙዚቃ ነው። የእንግሊዝ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እነ ብሉዝ ዘፋኙ ሙዲ ዋተርስ ያወጡትን ሸክላ እየሰሙ ተማሩት፣ ከዚያ ድምፁን አጮሁት። ከነዚያ የእንግሊዝ ባንዶች አንዱ የሆኑት ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን እንኳ ያገኙት ከሙዲ ዋተርስ ዘፈን ነው። የተወሰደ ነገር ይፈለግ ከተባለ አቤቱታው ከሚሲሲፒ ይጀምር። ባቲ ምስክርነት እንኳ አልተጠራችም።

በተቃራኒውም ይሠራል። የቴምፕቴሽንስን «ማይ ገርል» መክፈቻ ስሙ። ጊታሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እያለ ወደ ላይኛው ዶ ይወጣል። ትዝታ ሜጀር ከነሙሉ አካሉ። ግን ማንም ሆዱ አይባባም። ማንም ያልተመለሰ ሰው ትዝ አይለውም። ፈገግ ብላችሁ ትከሻችሁን ትነቀንቃላችሁ እንጂ።

ያ ቪዲዮ የሚሠራው ልጅ በዚህ አላበቃም። ወደ ማፊያ ፊልም ተሻገረ። «የጎድፋዘር ዜማ ትዝታ ነው» አለ። እዚህ ላይ አልፈርድበትም። ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች ያንን ዜማ ስንሰማ ልባችን የሚሸበረው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972ቱ ፊልም የምንሰማው የኒኖ ሮታ የፍቅር ዜማ እንዲህ ይነሳል፦ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ዶ፣ ላ ፍላት። አስር ኖታ። አስሩም ከዶ በሚነሳው ትዝታ ማይነር ውስጥ አሉ! ጆሮ «የእኛ ነው» ቢል ምን ይገርማል? አስራ አንደኛዋ ግን ሲ ፍላት ናት። ወጣ። ቀጥሎ ዜማው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳና ሁለተኛው ሐረግ ሲያልቅ ሶል፣ ሶል ፍላት፣ ፋ ብሎ ይወርዳል። ሦስት ፍሬት በተከታታይ። ከአራቱ ቅኝቶች ሦስት ተከታታይ ፍሬት የያዘ አንድም የለም። ያ መንሸራተት ነው የጣሊያን ኦፔራ አገር ልጅ እንደሠራው የሚነግራችሁ። (በነገራችን ላይ የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ይበልጣል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሰርጉን ትዕይንት የሚያህል ነገር ሁለተኛው ውስጥ የለም። ይህንን ሌላ ቀን እንጣላበታለን።)

ማንም ባይጠይቀኝም ጥቂት ነገር ልጨምር፤ የሙያ ሰዎች ነገ እንዳይወቅሱኝ። ሜጀር፣ ማይነር የምንለው ከዘመናዊ የሙዚቃ ትምህርት ጋር የመጣ አጠራር ነው። የድሮ ክራር ደርዳሪ «ማይነር» ብሎ አይቃኝም። ሁለተኛ፣ ከላይ የደረደርኳቸው የፍሬት ቁጥሮች የጊታር ናቸው። መሰንቆ ፍሬት የለውም። ክራርም የሚቃኘው በጆሮና በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። አምባሰል ላይ ሁለተኛዋን ኖታ ጎበዝ መሰንቆ ተጫዋች የሚይዝበት ቦታ ጊታሬ ላይ የለም፤ ከፍሬቱ ፈንጠር ይላል። ጊታር የሚሰጣችሁ የሚቀርበውን ነው። ሦስተኛ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ናቸው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ጋር አትደበላልቋቸው። የወሎ መንዙማም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ በአንድ መስመር አላልፈውም።

«ታዲያ ቅኝትና የፈረንጅ ሙዚቃ ምንም አያገናኛቸውም?» ያገናኛቸዋል። ግን ሥራ ይጠይቃል። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቅኝትን ከጃዝ ጋር አጋብቷል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ስትደራርቡ ከአምስቱ ውጭ የሆነ ኖታ ቶሎ ይመጣል። ሲበዛም ቅኝቱ ቤቱን ይረሳል። ሙላቱ ከሥር ኮርድ እያስገባ ከላይ ዜማውን በቅኝቱ አቆየው። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለ ፊልሙ ላይ ያንን ሙዚቃ ሲያስገባ፣ ፊልሙ የአሜሪካ ሆኖ ዜማው የማን እንደሆነ ማንም አልጠፋውም። መኩራራት ካማረን እንዲህ ያለ በስም የሚታወቅ ነገር እያለን፣ የሌለ ስርቆት ምን አስፈለገን?

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸውን ለዚያም ልጅ ልስጠው። ሮክ ያለ ፓወር ኮርድ አይሆንም። ፓወር ኮርድ ማለት አንድ ኖታና ከሱ ሰባት ፍሬት ከፍ የምትለው አምስተኛዋ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብላችሁ ስትቆጥሩ)፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመቱ ነው። ባቲ ማይነር ማረፊያው ላይ ይህን ይቀበላል። ትዝታም ይቀበላል፣ አምባሰልም ይቀበላል። አሁን አንቺሆዬን ከዶ አንሱ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። የዶ አምስተኛ ሶል ናት። አንቺሆዬ ውስጥ ሶል የለችም፤ ያለችው ከጎኗ ያለችው ሶል ፍላት ናት። ዲስቶርሽኑን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) ከፍታችሁ ማረፊያው ላይ ፓወር ኮርድ ስትመቱ፣ ከላይ ዜማው ሶል ፍላት ሲል፣ ሁለቱ ይፋጫሉ፤ ጎረቤት «ምን ነካው?» ብሎ በር ያንኳኳል። አንቺሆዬን ሰርግ ቤት ያለ ምንም ኮርድ በጭብጨባ ብቻ ስሟት፤ ምንም አልጎደላትም። ሮክን የወለደው ወሎ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ ይህችን በፓወር ኮርድ አጅቦ ያምጣልኝ። የኔ ተማሪዎች እስካሁን ሲሞክሯት ሶሏን ወደ ሶል ፍላት እያወረዱ ነው የሚያልፉት። እሱ ደግሞ ፓወር ኮርድ መሆኑ ቀረ።