ተውኔታዊ ምጸት ምንድን ነው? የማክቤዝን ገቢር አንድ ለሚያጠኑ

ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር ገጸ ባሕሪው ሳያውቅ ሲናገር ወይም ሲወስን ተውኔታዊ ምጸት ይባላል። ነገሩ ሰምና ወርቅን ይመስላል፤ ብቻ እዚህ ወርቁ የተሰወረው ከራሱ ከተናጋሪው ነው።

የሼክስፒር ማክቤዝ ገቢር አንድ ሰባት ትዕይንት አለው። ማክቤዝ ንጉሡን ዳንካንን የሚገድለው ገና ገቢር ሁለት ላይ ስለሆነ ገቢሩን ወደፊት የሚገፋው ማን ምን ያውቃል የሚለው ነው።

አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ትዕይንት 2ን የጦር ሜዳ ወሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዋናው መሠረት ግን እዚያ ነው፤ ንጉሥ ዳንካን ከዳተኛው የካውዶር ገዢ እንዲገደል አዝዞ ሹመቱን ለጦር አዛዡ ለማክቤዝ ይሰጣል። ትዕይንት 3 ላይ ጠንቋዮቹ ማክቤዝን በካውዶር ገዢነት ሲጠሩት እሱ ይገረማል፣ ሰውየው እኮ በሕይወት አለ ይላል። ለእሱ ትንቢት የሆነው ለእኛ ያደረ ዜና ነው። ትዕይንት 2ን ለማሳጠር ብሎ የሚቆርጥ አዘጋጅ ተመልካቹን ከማክቤዝ እኩል ያስደንቀዋል፣ ምጸቱ ግን ይጠፋል።

ትዕይንት 4 ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳንካን የሰውን ልብ ከፊቱ ማንበብ እንደማይቻል፣ በሟቹ ካውዶርም ፍጹም ተማምኖ እንደነበር ይናገራል። ንግግሩ ሳያልቅ ማክቤዝ ይገባል። ተዋናዩ ከዘገየ ስለ ከዳተኛው የተነገረውና የቀጣዩ ከዳተኛ መግባት አይገናኙም። ፊቱን አጨፍግጎ ከገባ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዳንካን ሞኝ ይመስላል። ማክቤዝ የሚወደድ ጀግና ሆኖ ይግባ።

ትዕይንት 6 አጭር ነው። ዳንካን ሊገደል ወደታሰበበት የማክቤዝ ግንብ ደርሶ አየሩን ያደንቃል፣ የማክቤዝ የጦር ጓድ ባንኮም ግድግዳው ላይ ጎጆ ስለሠሩት ወፎች ያወራል። ሐዋሳ ያለ ቡድን ይህችን አሞራ ገደል አካባቢ፣ ከሐይቁ ዳር ቢለማመዳት የመድረክ ዕቃ አያስፈልገውም። ነፋሱ ድምፅ ስለሚወስድ ግን ተዋንያኑ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ይናገሩ። በማስፈራሪያ ሙዚቃ ማጀብ አያስፈልግም፤ ዳንካን በተዝናና ቁጥር ተመልካቹ ይጨነቃል።

ለጥናት አንድ ገጽ ሦስት ዓምድ አድርጎ ማስመር ይበቃል፦ ተናጋሪው ምን አለ፣ ምን አያውቅም፣ እኛ ከየትኛው ትዕይንት አወቅን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከቀረ ምጸት አይደለም። ማክቤዝ መጀመሪያ አፉን ሲከፍት እንዲህ አስቀያሚም ውብም የሆነ ቀን አላየሁም ይላል። ጠንቋዮቹ ትዕይንት 1 ላይ ያሉትን ሳይሰማ ይደግመዋል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ዓምድ ይሞላል። የባንኮ ዘር ይነግሣል የሚለው የጠንቋዮቹ ትንቢት ግን ዓምዱን አይሞላውም፤ በዚህ ገቢር እኛም ከባንኮ የበለጠ አናውቅምና ጥቆማ ብቻ ነው።