«ቦዩን አስፉልን» ለምትሉኝ ሁሉ

ክረምት ሲገባ ሐዋሳ ላይ ስልኬ አያርፍም። ግቢያቸው ጎርፍ የገባባቸው ሰዎች ይደውላሉ። የሁሉም መፍትሔ አንድ ነው፦ «ኢንጂነር፣ ቦዩ ጠቧል፤ አስፉልን።» ዓመታት ሰማሁት። እውነት ለመናገር ደክሞኛል።

«ቦዩ ከሰፋ ጎርፉ ይቆማል።» አይቆምም። ቦይ ውሃን አያጠፋም፣ ያሻግራል እንጂ። ሰፊና ለስላሳ ቦይ ውሃውን ቶሎ ያወርደዋል። ከየአቅጣጫው የመጣው ሁሉ ታች በአንድ ጊዜ ይገናኛል። የላይኛው ሰፈር ይተርፋል፣ የታችኛው ይሰጥማል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰፈር ቦይ አሰፋን። ነዋሪው መረቀን፣ ቡና ተፈላልን። በቀጣዩ ሐምሌ ከታችኛው ሰፈር አንዲት እናት ሳይት ድረስ መጡ። እጄን ይዘው ቤታቸው ወሰዱኝ። የጤፍ ጆንያቸው ርሷል። ግድግዳው ላይ የውሃው ምልክት ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል። «ልጄ፣ ድሮ እኮ እዚህ አይደርስም ነበር» አሉኝ። ታች ያለው ከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው) አዲሱን ውሃ ይችል እንደሆነ ማንም አላሰላም። እኔም አላሰላሁም። ያ ግድግዳ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

ጎርፉ የጨመረው ቦዩ ስለጠበበ ብቻ አይደለም። ስናሰላ ከዘነበው ውስጥ የሚፈሰውን ድርሻ ለሣር መሬት ከ0.1 እስከ 0.3፣ ለአስፋልት ከ0.7 እስከ 0.95 እንይዛለን። ያው ዝናብ፣ እጥፍ ድርብ ጎርፍ። ግቢህን ዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ስትለስን የሰፈሩን ቦይ አጠበብከው ማለት ነው።

«ሐይቁ ከገባ በኋላ ምን ችግር አለ?» ይህ ደግሞ ያንገበግበኛል። ሐዋሳ ሐይቅ ውሃው መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከሱ በላይ ያለው ቸለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞልቶት ረግረግ ሆነ። ከቦዩ የሚወርደው አፈርና ፕላስቲክ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የምንበላው ዓሣም ከዚያው ነው የሚወጣው።

  

ሥራው ሲበላሽ ደግሞ «ፎርማኑ ይቀየር» ይሉኛል። በአንድ ሥራ ላይ በዓመት ሦስት ፎርማን ሲቀየር አይቻለሁ። አዲሱ አስፋልት ግን በሁለተኛ ወሩ ለውሃ መስመር ተቆፈረ። የመንገዱና የውሃው ሰዎች ፕላናቸውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አያውቁም። ሦስቱም ፎርማኖች ጎበዞች ነበሩ። ሰው ማባረር ቀላል ነው፤ የመሪ ሥራ እነዚያን ሁለት ፕላኖች ከቁፋሮው በፊት ማገናኘት ነበር።

እንግዲህ እባካችሁ፣ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። እየዘነበ ቦት ጫማ አጥልቁና ውሃውን ወደ ላይ ተከተሉት። ከየት ከየት እንደሚቀላቀል በወረቀት ሳሉት። ከዚያ ወደ ታች ሂዱና የት እንደሚያርፍ እዩ። ግቢያችሁ ውስጥ ከቤቱ መሠረት ራቅ አድርጋችሁ በድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍሩ። የጣሪያውን ውሃ ወደ ሮቶ አስገቡ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ውሃ ነው። መቶ ቤት እንዲህ ካደረገ 100,000 ሊትር ቦዩ ውስጥ አይገባም ማለት ነው።

ሥዕሉን ይዛችሁ ደውሉልኝ፤ ቦዩን አብረን እናየዋለን።