በኤች አይ ቪ የሚመጣ የአንጎል ብግነት ምንድን ነው?

«ቫይረሱ አንጎሉን በልቶት ነው።» ጎንደር ውስጥ ይህን ከታካሚ ቤተሰብ ስሰማ አልከፋም። ሰው ያየውን ነው የሚናገረው። ሰሞኑን ግን አንድ ተንታኝ ይህንኑ እንደ ሳይንስ ሲያስረዳ ሰማሁ። «የተበላ አንጎል አይመለስም» ብሎም ደመደመ። ይህ አባባል ሰው ያስቀራል። ከአዘዞ ወይም ከዳባት እናቱን ይዞ ሊመጣ ያሰበ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ለምን ይደክማል?

ኤች አይ ቪ የነርቭ ሴሎችን አይበላም። ውስጣቸውም አይራባም። ወደ አንጎል የሚሻገረው በተያዙ ነጭ የደም ሴሎች ተሸክሞ ነው፤ ያውም ሰውየው በተያዘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ። እዚያ ሲደርስ ማክሮፋጅና ማይክሮግሊያ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ውስጥ ይሰፍራል። እነሱ ሲቆጡ ነርቭን የሚመርዙ ኬሚካሎች ይለቃሉ። የቫይረሱ ፕሮቲኖችም ይጨመሩበታል። የነርቭ ሴሎች የሚገናኙባቸው ቅርንጫፎች እየሳሱ ይሄዳሉ። ብግነት የምንለው ይህን ሳይበርድ የሚቆይ ቁጣ ነው።

ማድቤት ውስጥ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲነድ አስቡ። እሳቱ ምድጃው ላይ ነው። እልፍኝ የተቀመጠውን ሰው አልነካውም፤ ጭሱ ግን ያፍነዋል። የነርቭ ሴል እልፍኝ ያለው ሰው ነው። የሟቾች አንጎል ሲመረመርም የዲሜንሺያው (የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መዳከም) ክብደት ይበልጥ የገጠመው ከቫይረሱ መጠን ጋር ሳይሆን ከተቆጡት ሴሎች ብዛት ጋር ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነበልባሉን ያጠፋል። ፍሙ ግን አመድ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ደማቸው ላይ ቫይረስ በማይታይባቸው ሰዎች እንኳ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የብግነት ምልክት ይገኛል። ግድግዳው ላይ የሚቀር ጥላሸት፣ ማለትም ሳይመለስ የሚቀር ጉዳትም አለ። ሕክምና ሳይጀምሩ ሲዲ ፎራቸው (ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) በጣም ወርዶ በነበረ ሰዎች ላይ ይበረታል። ቤቱ ግን አልተቃጠለም። መድኃኒት ጀምረው እንቅስቃሴያቸው የተፍታታ፣ ሐሳባቸው የተመለሰላቸው ብዙ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1996 ወዲህ ጥምር መድኃኒት ሲስፋፋ ከባዱ ዲሜንሺያ በእጅጉ ቀንሷል። እኛ ሀገር መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ተንታኙ ቀጥሎ «ብግነት ከሆነ የብግነት መድኃኒት ይውሰዱ» አለ። ተሞክሯል። ሚኖሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብግነትን ስለሚያበርድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ኡጋንዳን ጨምሮ በሰዎች ላይ ሲፈተሽ ግን ማሰብን አላሻሻለም። የብግነትና የሕመም ማስታገሻ የሆነውን ዲክሎፈናክን እባካችሁ ከፋርማሲ በራሳችሁ እየገዛችሁ አትውሰዱ። ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት የኤች አይ ቪ ኪኒን ውስጥ ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

መርሳት ሁሉ ዲሜንሺያ አይደለም፤ ይህንንም ልጨምር። የኤች አይ ቪ ዲሜንሺያ በአብዛኛው በወራት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሐሳብ ይዘገያል፣ እርምጃ ይከብዳል፣ ሰውየው ለነገሮች ግድ ያጣል። በቀናት ውስጥ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና መቀባዠር ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ክሪፕቶኮከስ (ፈንገስ)፣ ቶክሶፕላዝማ (ጥገኛ ተውሳክ) ወይም የቲቢ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቂጥኝም ይመረመራል። ድብርትና አረቄም ሰውን ያፈዛሉ።

ክሊኒክ ውስጥ ጣት በፍጥነት የሚያስነካካና አራት ቃላት እንዲታወሱ የሚጠይቅ አጭር ፈተና አለ። ከ12 ይታረማል፤ 10 እና ከዚያ በታች ያመጣ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ጤነኛ ሆኖም ዝቅ ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ቁጥር ብቻ «ዲሜንሺያ አለብህ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ጠይቁት።

የሚረሳ ሰው ኪኒኑንም ይረሳል። ስለዚህ ከቤት አንድ ሰው አብሮት ይምጣ። ዶልቴግራቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበት ጥምር ኪኒን በቀን አንዴ ነው የሚወሰደው። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ሕክምና ላይ ከሆነ ግን ዶልቴግራቪር ጠዋትና ማታ ስለሚሆን፣ የቲቢውን ካርድ ይዛችሁ ኑ።